ነዳጅ ሲሰጡት የሚጠፋው

ማሽኑ በዚያ ጠዋት ለአምስተኛ ጊዜ ድርግም ሲል እትዬ አልተሳደበችም፣ አልተማረረችም። ማንጠልጠያውን ከትከሻዋ አውልቃ ሣር ማጨጃውን እንደ በሽተኛ በቀስታ መሬት ላይ አጋደመችው። የሳቀው ሜካኒኩ ነው። ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለው ተዳፋት አናት ላይ ቆሞ፣ እጆቹን ቱታው ኪስ ውስጥ ከትቶ ቁልቁል ያያታል።

«አልኩሽ እኮ እትዬ! ነዳጅ ሳትሰጪው ሚኒሞ ላይ ሲሆን እንደ ድመት ያንኮራፋል። ነዳጅ ስትሰጪው ግን ድፍት! ፒስቶኑ አልቆለታል። እርምሽን አውጪ።»

«ከፍተህ አየኸው?»

«ምኑን?»

«ፒስቶኑን ነዋ።»

«ሐኪም ሬሳ ለማወቅ ሆድ ይቀድዳል እንዴ? በዓይን ይታወቃል።»

«ሬሳ አይተነፍስም የኔ ልጅ። ይኼ ካላጣደፍከው ቀኑን ሙሉ ሲተነፍስ ይውላል። ስታጣድፈው ነው የሚሞተው።»

«እንደሱ ከሆነማ እኔም እንደዚያው ነኝ» አለና በራሱ ቀልድ እንደገና ሳቀ። ቀጥሎ ከኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋላት። የማይጠገን ንብረት ማስወገጃ ቅጽ ነው። «ሞተሩ አገልግሎት ጨርሷል» የሚለው በእሱ እጅ ተጽፏል፤ ከሥሩም በሰማያዊ ቀለም ፈርሞበታል። «ኃላፊው ይፈልጉሻል። ሂጂ ሳይወጡ።»

እትዬ ሣሩን ዞር ብላ አየችው። ያለፈው ወር ዝናብ አሳድጎታል፤ የታችኛው ክፍል መስኮቶች ደፍ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ተዳፋት አጭዳለች። የትኛው ጉብታ ሥር ድንጋይ እንዳለ፣ የትኛው ቦታ ከዝናብ በኋላ እግር እንደሚያንሸራትት ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች።

የኃላፊው ቢሮ ጠባብ ናት። ሁለት ወንበር፣ ፋይል የተቆለለበት መደርደሪያ፣ ወደ ተዳፋቱ የሚያይ አንድ መስኮት። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ክፉ ነገር ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ዓይነት ሰው ነው። አሁንም ዝቅ አደረገው።

«ይቀመጡ እትዬ። ያው የማሽኑ ነገር አልሆነም። ዓርብ ጠዋት ኮሚቴው ማስወገጃውን ይፈርማል፤ ከዚያ ሣሩን ለኮንትራክተር እንሰጠዋለን። እርስዎን ግን ከሥራ አናስወጣም። ከሰኞ ጀምሮ ወደ ልብስ ማጠቢያ ተዛውረዋል።»

ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ነው። አሥራ አራት ደረጃ ወደ ታች። እትዬ ወደ ሣሩ ከመምጣቷ በፊት ስድስት ዓመት እዚያ ሠርታለች፤ በበረኪና እንፋሎት ውስጥ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ አንሶላ እያገላበጠች። መጨረሻ ላይ ደረቷ እንደ ተቀደደ ወናፍ ሆኖ ሁለት ቃል አገናኝታ መናገር አቅቷት ነበር። ያኔ ያያት ሐኪም የተናገረውን አልረሳችውም፤ ወደዚያ ክፍል ከተመለሽ ሁለተኛ አላድንሽም ነው ያላት።

ኃላፊው ደብዳቤውን ወደ እሷ ገፋ አደረገና ብዕር አስከተለ። «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

«አልፈርምም።»

«መድረሱን እኮ ነው እንጂ መስማማትዎን አይደለም።»

«አልደረሰኝም አለቃ። ይኸው፣ እጄ ባዶ ነው።» ሁለት መዳፏን ዘርግታ አሳየችው። መዳፎቿ አረንጓዴ ናቸው።

ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሻሸ። «እትዬ፣ ባለሙያው አይቶታል እኮ።»

«አይቶታል። አልሰማውም።» ወደ ፊት ጠጋ አለች። «ዛሬ ረቡዕ ነው። ነገን ስጡኝ። ዓርብ እናንተ ከመፈረማችሁ በፊት ያን ተዳፋት ከላይ እስከ ታች አጭደዋለሁ። አንድ ጊዜ ከጠፋብኝ ሁለቱንም ወረቀት አምጡ፣ እፈርማለሁ።»

ተከትሏት መጥቶ በሩ ላይ የተደገፈው ሜካኒክ ፉጨት ቢጤ አሰማ። «አንድ ጊዜ ብቻ?»

«ግማሽ ጊዜም ቢሆን» አለች፤ ወደ እሱ ሳትዞር።

ማታ ቤቷ ስትገባ ልጇ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር። ሁለት ክፍል ቤታቸው በሰማያዊ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተሞልቷል። እትዬ ጫማዋን እያወለቀች ሁሉንም ነገረቻት፤ ልጅቷም መርፌውን ከጨርቁ ሳታነሳ አዳመጠች።

«እማዬ፣ ሰውየው የተማረ ነው እኮ። አንቺ በምንሽ ነው የምትከራከሪው?»

«በጆሮዬ።»

«እሺ፣ ካልሆነስ?»

«ካልሆነ በዋናው በር እወጣለሁ እንጂ በዚያ ደረጃ አልወርድም።»

«ወጥተሽ የት ልትሄጂ?»

«ወደ አንቺ ነዋ! ቁልፍ እተክልልሻለሁ።»

«ባለፈው የተከልሽው ቁልፍ ቀዳዳውን ስቶ ሸሚዙ ጠማማ ሆኖ ተመለሰ» አለች ልጇ፤ ሁለቱም ሳቁ። ግን ልጅቷ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ «አትውረጂ» አለች። «ያን ሳልሽን እኔም አልረሳሁትም።»

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ማጨጃውን ከዕቃ ማስቀመጫው ኋላ ባለው ሲሚንቶ ላይ አስቀመጠችው። ዕቃ ማስቀመጫው እግራቸው የተሰበረ አልጋዎችና ጎማቸው የወለቀ ወንበሮች የተደረደሩበት የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ቤንዚንና ደረቅ ሣር ይሸታል። ካቻቢቴዋን፣ የካንዴላ መፍቻውን፣ አንድ ቀጭን ሽቦና ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ጨርቅ ላይ ዘረጋች። አማተበችና ገመዱን ጎተተች። በሁለተኛው ጉተታ ተነሳ።

እትዬ ሰዓት የላትም። ሞተር የምትለካው በጸሎት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ በልቧ የምትደግማት አጭር ጸሎት አለች፤ ፍጥነቷ አይለዋወጥም፣ ደስ ሲላትም ሲከፋትም ያው ነው። የነዳጁን መስጫ እስከ መጨረሻው ትስብና ጸሎቷን ትጀምራለች፤ የትኛው ቃል ላይ እንደጠፋ ታውቃለች። ልጇ አንድ ቀን «ጸሎት በሞተር ይለካል እንዴ?» ብላ ስቃባት «ኧረ ሞተሩን ነው በጸሎት የምለካው» ብላ መልሳላት ነበር።

መጀመሪያ አጠፋፉን አዳመጠች። እሳት የሚሰጠው ካንዴላ እምቢ ያለው ሞተር በአንዴ ነው ቀጥ የሚለው፣ መብራት እንደማጥፋት። ይኼ ግን እንደዚያ አይደለም። ሊጠፋ ሲል ድምፁ ለአፍታ ቀጠን፣ ከፍ ይላል፤ ከዚያ እንደታነቀ ሰው እየሰለለ ይሄዳል። በዚያች አፍታ ነዳጁን ብትቀንስለት ነፍሱ ይመለሳል። ያለቀ ሞተር እንዲህ አይመለስም። ይኼ የተራበ ነው፣ አለች በልቧ። ቤንዚን አይደርሰውም።

ቢሆንም በግምት አልሄደችም። ካንዴላውን ፈታ አየችው፤ ደረቅ፣ ቡናማ፣ ደህና። የአየር ፊልትሮውን አውጥታ ያለ እሱ ሞከረችው፤ ጸሎቷ ግማሽ ላይ ሲደርስ ጠፋ። ጭስ የሚወጣበት ማርሚታ አፍ ላይ ያለችው ወንፊት በጥላሸት ጠቁራ ነበርና በብሩሽ ፈግፍጋ አጸዳቻት፤ ጩኸቱ ጨመረ እንጂ ሞቱ አልቀረም፣ ያው ግማሽ ላይ።

ረፋዱ ላይ ሜካኒኩ ሻዩን በብርጭቆ ይዞ መጣ።

«ቀብሩ መቼ ነው?»

«ካርብራተሩ ላይ ያለችውን ብሎን ስንት ዙር አዞርካት?»

«ማን ቆጠረ!»

«እኔ ቆጥሬያለሁ። ከነበረችበት አንድ ዙር ተኩል ወጥታለች። መልሻታለሁ።»

ሻዩን ፉት አለ። «እሺ፣ መልሰሻት ምን ሆነ?»

«ጠፋ።»

«አየሽ!»

«አየሁ። ብሎኗ አይደለችም ማለት ነው። አንተ ግን አሁንም ፒስቶኑን አላየኸውም።»

እየሳቀ ሄደ። እሷ ሽቦዋን ጫፉ ላይ አጠፈችና በነዳጅ ማጠራቀሚያው አፍ አስገብታ፣ ቱቦው ጫፍ ላይ የተሰካችውን የአውራ ጣት የምታህል ፊልትሮ አጥምዳ አወጣቻት። ትንሽ ቆሻሻ ነበራት። አጠበቻት፣ መለሰቻት፣ ቤንዚን ሞላች፣ አስነሳች። አንዱ ጸሎት አለቀ። ሁለተኛው ተጀመረ። እትዬ ፈገግ ማለት ጀምራ ነበር። የሁለተኛው ጸሎት እኩሌታ ላይ ድምፁ ቀጠነ፣ ከፍ አለ፣ ሰለለ። ድርግም።

ምንም ሳትነካ መልሳ ብታስነሳው ሦስተኛው ቃል ላይ ሳይደርስ ጠፋ።

ያኔ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። ጀርባዋ ላይ ላብ ይወርዳል፤ እኩለ ቀን አልፏል። «አንተ ታያለህ እንግዲህ» አለች ወደ ላይ ሳታይ፣ አጠገቧ ለተቀመጠ ሰው እንደምትናገር። ጥሪ የሚሰማ ሰው እንደሚያደርገው፣ ጆሮዋን ብቻ ትታ ሁሉን ነገሯን ዝም አሰኘችው።

ፊልትሮዋን ሳጸዳ ለምን ረዘመ? ብላ ጠየቀች። ፊልትሮ ስለጸዳ ከሆነ አሁንም ይርዘም እንጂ። ሌላ ምን አድርጌ ነበር? ነዳጅ ሞልቻለሁ። ነዳጁ አሁንም ሙሉ ነው። ሌላስ? ... ክዳኑን ከፍቻለሁ።

ተነሳች። ጠብታ ሳትጨምር ክዳኑን ከፍታ ዘጋችውና አስነሳች። አንድ ጸሎት፣ ከዚያ እኩሌታ። ጠፋ። ደግማ ከፍታ ዘጋች። አሁንም አንድ ተኩል። ሳትከፍት ሞከረች፤ ሦስት ቃል አልሞላም። ከማስነሳት በፊት በአውራ ጣት የሚጫኗትን የጎማ ጉልላት ተጫነቻት፤ ጉልላቷ ተጎድጉዳ ቀረች፣ ጥርስ እንደሌለው ሽማግሌ ጉንጭ።

ልክ በዚያ ሰዓት የአንሶላ ጋሪ የሚገፋው ሰውዬ ጠጠሩ ላይ እያንገጫገጨ መጣ።

«ቁም!» አለችው እትዬ።

«ምነው? ምን አጠፋሁ?»

«ላዳምጥ ነው። ጋሪህን አታንቀሳቅስ፣ አንተም አትተንፍስ።»

ሰውዬው አንድ እግሩን እንዳነሳ ቆመ። እትዬ ጆሮዋን ክዳኑ ላይ ደፍታ፣ በሁለት ጣት ብቻ፣ ቀስ ብላ አላላችው። ሲ...ስ። እየወጣ ያለ አየር አልነበረም፤ እየገባ ያለ ነው። የተጎደጎደችው ጉልላትም ቧ ብላ ተነሳች።

«ሰማህ?»

«ምኑን?»

«አየር ሲገባ። ጠርሙስ አፍህ ላይ ገጥመህ ስትጠጣ አልወርድም ቢልህ ምን ታደርጋለህ?»

«አፌን አነሳለታለሁ፣ አየር እንዲገባ።»

«በል ሂድ፣ ተመርቀሃል። ሜካኒክ ሆነሃል።»

ጋሪውን እየገፋ ሄደ፤ ራሱን ግን እየነቀነቀ ነው።

እትዬ ክዳኑን ገለበጠችው። መሀሉ ላይ መርፌ የምታህል የአየር ቀዳዳ አለች፤ ከውስጥ በኩል ግን ክብ ጎማ ተለጥፎባታል። ነጭ የነበረ ወደ ቢጫ የዞረ፣ ቤንዚን ጠጥቶ ያበጠ ጎማ። በጥፍሯ ስትገለብጠው ጠርዙ በመቀስ መቆረጡን አየች። አቆራረጡንም አወቀችው። የራሷ ነው።

በዚህ ግቢ በሐኪሞች የጎማ ጓንት የማይጠገን ነገር የለም። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በጓንት ይታሰራል፣ የሚንኳኳ መስኮት በጓንት ይሸበባል። ከሁለት ወር በፊት፣ ተዳፋቱ ላይ ተዘንብላ ስታጭድ፣ ከክዳኑ ሥር ቤንዚን እየተንጠባጠበ ታፋዋን አቃጥሎ ቆዳዋን ልጦት ነበር። ቁስሏን የምታሽግላት ነርስ ጓንት ስትሰጣት፣ እትዬ ከእጅጌው በኩል ክብ ቆርጣ ክዳኑ ውስጥ ለጠፈችው። መንጠባጠቡ ቆመ፤ ደስ አላት፣ ረሳችው። ጎማው ግን ቀን በቀን ቤንዚን እየጠጣ አበጠ፣ አበጠና ቀዳዳዋን ጥርቅም አድርጎ ዘጋት። ማጠራቀሚያው አየር ሳያገኝ ቤንዚን አልለቅም ይላል። ሚኒሞ ላይ ትንሽ ስለሚጠጣ ይቆያል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ብዙ ይፈልጋል፣ አያገኝም።

ጎማውን ነቅላ፣ ክዳኑን ዘግታ አስነሳችው። አንድ። ሁለት። አምስት። አሥራ ሁለተኛው ጸሎት ላይ በገዛ እጇ አጠፋችው።

መዝለል ነበረባት፤ አልዘለለችም። ጎማውን መዳፏ ላይ አድርጋ ቆመች። የቆሻሻ በርሜሉ ሁለት እርምጃ ነው። ብትጥለው የሚያውቅ የለም። ንብረት ያበላሸ ሠራተኛ ምን እንደሚደርስበት ደግሞ ታውቃለች፤ ደረጃው አሥራ አራት ነው። ብዙ ቆመች። ከዚያ ጎማውን መሐረቧ ውስጥ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

ዓርብ ጠዋት ኃላፊው፣ ሜካኒኩና ሁለት የኮሚቴ አባላት ተዳፋቱ አናት ላይ ቆሙ። እትዬ ማንጠልጠያውን አጠለቀች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሳበችው። ሣሩ በግራ በቀኝ ይበተን ጀመር። የመጀመሪያውን ረድፍ ስትጨርስ ሜካኒኩ «አሁን ይጠፋል» አለ። ሁለተኛው ላይም አለ። አራተኛው ላይ ዝም አለ። ከመስኮቶቹ ሥር ስትደርስ በሽተኞች ከአልጋቸው ተነስተው ያዩ ነበር፤ አንዲት ሴት አጨበጨበች። ቤንዚኑ እንደገና መንጠባጠብ ጀምሮ ታፋዋን ይለበልባት ነበር፤ ጥርሷን ነክሳ ቀጠለች። የጸሎቷ ቁጥር ጠፋባት። ቤንዚኑ ሲያልቅ ብቻ፣ ሣሩ ካለቀ በኋላ፣ ሞተሩ ቆመ።

ቢሮ ሲገቡ ቀድሞ የተናገረው ሜካኒኩ ነው።

«ካርብራተሩን ያስተካከልኩት ነው የሠራው። ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል ብዬ ነበር እኮ።»

ኃላፊው ፊቱ በራ። ለሁሉም የሚመች መንገድ አገኘ። «እንግዲያው በጥገና ተስተካክሏል ብለን እንጽፋለን። እትዬም በቦታዎ ይቆያሉ። አለቀ።»

አለቀ። ዝም ብትል አለቀ። ሰውየው ያልሠራውን ሠራሁ ሲል፣ እሷም የሠራችውን አልሠራሁም ብላ ልትወጣ ነው። መሐረቧን አወጣችና ያበጠውን ጎማ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ያጠፋው ይኼ ነው። የለጠፍኩት እኔ ነኝ።»

አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ነግራ ሳትጨርስ ሜካኒኩ ከወንበሩ ተነሳ። «ይኸው! ንብረት ያበላሸችው ራሷ ናት! እኔን ስታዋርደኝ ሰንብታ! ይኼ እኮ ቅጣት አለው፤ ዝውውሩ ሲያንሳት ነው!»

ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ ደንቡ እንደሚለው እንግዲህ ...»

«ደንቡ የሚለውን ይጻፉ፣ እፈርማለሁ» አለች። «ዝውውሩን ግን ወይ ፍንክች። ውላችን ሣሩ ላይ ነበር። ሣሩ ይኸው በመስኮቱ ይታያል። እኔ ስህተቴን ፈልጌ አገኘሁት፣ አምጥቼም ጠረጴዛዎ ላይ አስቀመጥኩት። እሱ የእሱን ፈርሞበታል። ቅጹን ያውጡት እስቲ፤ ምን ይላል? ሞተሩ አገልግሎት ጨርሷል። ይኼ ልጅ በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ ክዳኑን ከፍቶ ነዳጅ ሞልቷል። ጎማውን አይቶታል።»

«የፋብሪካው መስሎኝ ነዋ!» ብሎ ጮኸ ሜካኒኩ።

አንደኛው የኮሚቴ አባል ሳቁን በሳል ዋጠ። ኃላፊው ሰማያዊውን ፊርማ አየ፣ ጎማውን አየ፣ መስኮቱን አየ። ከዚያ ባዶ ወረቀት ስቦ መጻፍ ጀመረ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ሲጨርስ ሰጣት፤ እትዬ በጣቷ እየተከተለች ቃል በቃል አነበበችው።

«‹በቸልተኝነት› የሚለው ይሰረዝ። ቸል አላልኩም። ስላቃጠለኝ ነው የደፈንኩት። ‹ባለማወቅ› ይበሉት።»

«እትዬ!»

«ባለማወቅ።»

ሰረዘው፣ ጻፈው። ፈረመች። የዝውውሩን ደብዳቤ ግን አልቀደደውም፤ መሳቢያ ከፍቶ ከተተው። «እዚህ ትቆያለች» አላት።

«ትቆይ። እኔም ግቢው ውስጥ እቆያለሁ።»

ከተዳፋቱ ውጭ፣ ከአጥሩ ሥር አንድ ረድፍ ሣር ቀርቶ ነበር። እትዬ ቤንዚን ሞላች፤ ታፋዋ ላይ አንሶላ ጠቅልላ አሰረች። ማጨድ ስትጀምር ሜካኒኩ ከተዳፋቱ አናት ብቅ አለ። እጁን ያወዛውዛል፣ አፉ ይንቀሳቀሳል። ይቅርታ ይሁን ስድብ፣ ወይም ሌላ እምቢ ያለው ማሽን አግኝቶ ይሁን፣ አልታወቃትም። ለመስማት ነዳጁን መቀነስ ነበረባት።

አልቀነሰችም።